ለአንድ ዓመት የተባለው ፎቶ

ሽሎሚ የተወለደው ወላጆቹ ከጎንደር ተነስተው በሱዳን በኩል እስራኤል በመጡ በዓመቱ፣ እዚሁ አሽቀሎን ነው። ከሠራዊት ሲወጣ ኮምፒውተር ተማረ፤ ዛሬ በከተማው ባለ አንድ ኮሌጅ የድረ ገጾች ልማት ኃላፊ ነው። ዋናው ገጽ፣ የምዝገባው፣ የቤተ መጻሕፍቱ፣ የየትምህርት ክፍሉ ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ድረ ገጽ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል፤ ከአሮጌው የሚጠቅመው ወደ አዲሱ ይሻገራል። የሚሻገረውንና የሚቀረውን የሚወስነው ሽሎሚ ነው።

ሥራውን በጀመረ ሰሞን የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊዋ አዲና ለመነሻ ገጹ “ከእናንተ ከኢትዮጵያውያን ልጆች አንድ ፊት” ፈለገች።

“አንተስ? መልከ መልካም ነህ፣ እዚሁ ነህ፤ አንተን እናንሳ” አለችው።

ሽሎሚ ሳቅ ብሎ፣ “እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ተማሪ ይሻላል” አላት።

በኮሌጁ የመሰናዶ ክፍል የጎረቤታቸው የእትዬ ዘነበወርቅ ልጅ ሺራን ትማር ነበር። ግቢው ውስጥ አገኛትና ለመናት። “ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይወርዳል” አላት። ሺራን አፍራ ነበር፤ ለእሱ ብላ እሺ አለች። ደብተሯን እንዳቀፈች፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ እያረፈ፣ ስትስቅ ተነሳች።

ፎቶው ተወደደ። በዚያው ዓመት የሺራን አባት ታመመና ትምህርቷን አቋረጠች። ሽሎሚ ይህን ከእናቱ ሰምቷል። ሆኖም ዓመቱ ሲያልፍ ፎቶውን አላወረደውም። ድረ ገጹ ሁለት ጊዜ ታደሰ፤ ፎቶው ሁለቱንም ጊዜ አብሮ ተሻገረ። በመጨረሻው እድሳት ደግሞ ከግርጌው “ከተመራቂዎቻችን አንዷ” የሚል ተጨመረበት። የጻፈው በሥሩ ያለ ሠራተኛ ነው፤ ሳያነብ ያጸደቀው ግን እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት መነጽሩ ተሰበረና ሚግዳል ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ወዳለች መነጽር ቤት ገባ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሺራን ነበረች።

“ሺራን! እዚህ ነሽ እንዴ?”

“ታዲያ የት ልሁን? ኮሌጅ?” አለችው።

መነጽሩን ተቀብላ ብሎኑን እያጠበቀች፣ ቀና ሳትል ነገረችው። ደንበኞች “የኮሌጁ ልጅ አይደለሽም? ዲግሪ ይዘሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” ይሏታል። እሱን ለምዳዋለች። በቅርቡ ግን አፍሪዳር ሰፈር ውስጥ ላለ አንድ ቢሮ ሥራ አመልክታ፣ ዲግሪ እንደሌላት በእውነት ጽፋ ነበር። ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን አሳያት።

“‘ታዲያ የትኛው ነው ውሸቱ?’ አለኝ። ምን ልበለው?”

“ሥራውስ?”

“ለሌላ ሰጡት።” መነጽሩን ዘረጋችለት። “ሽሎሚ፣ ለአንድ ዓመት ብለኸኝ ነበር እኮ።”

“ስሊኻ፣ ሺራንዬ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።” ረስቼው ነው ሊላት ፈልጎ ተወው። አልረሳውም ነበር። በእያንዳንዱ እድሳት ፎቶውን አይቶታል፤ ከወረደ አዲና መልሳ “አንተን እናንሳ” እንዳትለው ብሎ ነው ያለፈው።

“አውርደው ብቻ” አለችው።

ቢሮው ተመልሶ ወዲያው አወረደው። ፎቶው ግን አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። ኮሌጁ በከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ላይም፣ ሌሎች ወስደው በለጠፉባቸው ገጾች ላይም ነበር። በእጁ ያለውን አጠፋ፤ በሰው እጅ ላለው እየጻፈ ለመነ። አንዳንዱ አነሳለት፣ አንዳንዱ መልስም አልሰጠው። አዲና ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ ሺራን ላይ የደረሰውን ነገራት። መጀመሪያውኑ ለምን እሷን እንዳመጣ ግን አልነገራትም።

ጥቂት ቀን ቆይተው እትዬ ዘነበወርቅ ደወሉ።

“ሽሎሚዬ፣ ልጄ ከስልኬ ጠፋችብኝ። ዘመድ ሲመጣ የማሳየው እሱን ነበር። ዛሬ ብከፍተው ሕንጻ ብቻ ነው ያለው።”

በስልክ መመለስ አቃተውና ቤታቸው ሄደ። ገና ሳይቀመጥ፣ “እኔ ነኝ ያወረድኩት፣ እትዬ። እስካሁንም መቆየት አልነበረበትም” አላቸው።

“ትምህርቷን መተዋን አጥቼው ነው?” አሉት። “ግን እዚያ ላይ እንዴት አድርጋ ስቃለች! አባቷ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።”

ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

“አንተስ? እዚያው ውለህ እዚያው የምታመሽ፣ የተማርክ ሰው። የራስህን መልክ ለምን አላወጣህም?”

እውነቱን ተናገረ። “ፈራሁ፣ እትዬ። ‘ኢትዮጵያዊ ስለሆነ፣ ለመልኩ ብለው ነው የቀጠሩት’ እንዳይሉኝ ፈራሁ።”

እትዬ ዘነበወርቅ ትክ ብለው አዩት። “እና ልጄን እንዲያ ይበሏት ብለህ ሰጠሃት?”

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሺራን ዘንድ ሄዶ ለእናቷ ያለውን ለእሷም ነገራት። ሺራን ሰምታ ሰምታ፣ “ጠርጥሬ ነበር” ብቻ አለችው። ጥፋቱ የኮሌጁ መሆኑን ለዚያ ቢሮ ይጽፍላት እንደሆነ ጠየቃት።

“ጻፍ” አለችው። “ሥራውን ባይሰጡኝም ውሸታም አለመሆኔን ይወቁ።”

ስሙን ፈርሞ ጻፈ። ከቢሮው መልስ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ሽሎሚ አንድ ደንብ አስገባ፤ ፎቶው ገጹ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በየዓመቱ እንደገና ይጠየቃል፣ እሺ ካላለ ይወርዳል። በመምሪያው ስብሰባ ላይ ደንቡ ሲነበብ የሥራ ባልደረቦቹ አመሰገኑት። አንዱማ “እንዲህ አርቆ የሚያስብ ሰው ነው የሚያስፈልገን” አለ። ሽሎሚ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ደንቡ ከየት እንደመጣ ሊነግራቸው ቃላቱን ገና ሲሰበስብ፣ ሰብሳቢው ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ጠየቀው። እሱም መልስ መስጠት ጀመረ።