ከስልኬ ጋር የተሸጠው ስሜ

ይህ ነገር የገጠመኝ አሶሳ በማስተምርበት ጊዜ፣ ማንጎ በየግቢው በሚረግፍበት ወቅት ነው። ዛሬም ፌስቡክ ላይ የሰው መርዶ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ቀጥሎ ዝም ያሰኘኛል።

አሮጌ ስልኬን ለአንድ የስልክ ሱቅ ሸጬ ሌላ ገዛሁ። የድሮውን ፌስቡክ የይለፍ ቃል ረስቼው ስለነበር ባለሱቁ አዲስ ገጽ ከፈተልኝ። የድሮውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ያስተማርኳቸው ልጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ባምባሲ ያሉ ዘመዶቼ ሁሉ እዚያው ቀሩ። እነሱ ግን እኔ መሄዴን አላወቁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሰው ዓይን ተቀየረብኝ። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዱማ "ባለወርቁ! እኛንም አስታውሰን እንጂ" ይለኛል። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩ።

ያን ሰሞን ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ተወዳድሬ ውጤት እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝና በሩን ዘጋ።

"ጌታሁን፣ በሥራ ሰዓት ወርቅ ይነግዳል እየተባልክ ነው። ፌስቡክህ ላይ ራስህ ለጥፈኸዋል፤ ወላጆች አይተውታል።"

ደሜ ፈላ። ስልኬን አውጥቼ አዲሱን ገጼን ከላይ እስከ ታች አሳየሁት። ከተማሪዎች ፎቶ በቀር ምንም የለበትም።

"ታዲያ አጥፍተኸው ይሆናላ" አለኝ።

ምን ይባላል! የዓመታት ስሜ በአሉባልታ ሲሄድ እያየሁ ወጣሁ። ማን እንደጠመደኝ ሳሰላስል ሰነበትኩ፤ ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የከፈተችው አብራኝ የምትኖረው እናቴ ናት። ደጅ ላይ የትምህርት ቤታችን መምህራን ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት ያለችው መምህርት እናቴን ስታይ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ምነው ልጆቼ? ማን ሞተ?" አለች እናቴ።

በመጨረሻ አንዱ እንደምንም ብሎ "እማማ... እርስዎ" አለ።

"በስመ አብ! እኔ ነኝ የሞትሁት?" ብላ አማተበች። ድንጋጤው ሲለቃት ደግሞ ሳቀች። እናቴ የወሎ ሴት ናት፤ በሰፈራ ዘመን መጥታ ብዙ ያየች። "በሉ ሳልቀበር ግቡና ቁርስ ብሉ" አለቻቸው።

አንዱ ባልደረባዬ ስልኩን ሰጠኝ። በስሜና በፎቶዬ "እናቴ ዛሬ ሞቷል። ዱአ አድርጉልኝ" ይላል። ጌታሁን ዱአ ሲጠይቅ ማንም አልተጠራጠረም እኮ! ዝቅ ብዬ ሳይ መዳፍ ላይ የተበተነ ወርቅ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ አንድ ወጠጤ ፍየል። የድሮው ገጼ ነው። ለካ ስልኩን የሸጥኩት ከነፌስቡኩ ኖሯል።

ባለሱቁ ጋ ሮጥኩ። የገዛው አጠይብ የሚባል ወርቅ ቆፋሪ መሆኑን ነግሮኝ መንደሩን ጠቆመኝ። በሞተር ሳይክል ከከተማ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር፤ ፖሊስ የሚለውንም ቃል አልተውኩም።

ስደርስ ሰዎች ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የአጠይብ እናት እውነትም ሞተዋል። የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ፤ ለፋቲሃ እጃቸውን ሲዘረጉ እኔም ዘረጋሁ።

ቆይቼ ገጹ የእኔ መሆኑንና በወርቁ መታማቴን ለአጠይብ ለብቻው ነገርኩት። ግራ ገባው።

"ፌስቡኩ ስልኩ ውስጥ ነበረ፣ መምህር። ከስልኩ ጋራ ገዛሁ።"

"ስሙስ? ጌታሁን የሚለው?"

"የስልኩ ስም መስሎኝ።"

ልቆጣ ብዬ አቃተኝ። እሱ ደግሞ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠ። "ሰው ብዙ ጽፏል። እኔ ፊደል ትንሽ ነው የማውቅ። አንብብልኝ።"

አነበብኩ። "እናትን የሚተካ የለም፣ አይዞህ" ይላል አንዱ። ሌላው "ያሳደጉህ እጆች ይባረኩ" ይላል። ከድሮ ተማሪዎቼ ያልጻፈ የለም። አንድ ሽማግሌ እየተቀበሉ በበርታኛ ለሴቶቹ ይተረጉሙላቸዋል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ።

"ይሄ ሁሉ ሰው እናቴን ያውቃል?" አለኝ አጠይብ።

ለእኔ የተጻፈ ነው ልለው አፌ ላይ ደረሰ። "አዝነውልሃል" አልኩት።

የለቅሶው ቀን ሲያበቃ አጠይብ ሳልጠይቀው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆሞ "ወርቁ የኔ ነው። ስሙ የሱ ነው። መምህር ወርቅ አያውቅም" አለ።

ርዕሰ መምህሩ ተነፈሰ። "በሉ፣ ገጹን አሁኑኑ አጥፉት። ከዚያ እኔም ነገሩን ዘግቼ ለምክትልነቱ ስምህን አሳልፋለሁ" አለኝ።

ስልኩን ተቀበልኩ። አጠይብ እጄን ያዘኝ።

"እናቴስ? ሰው የጻፈላት ሁሉ ይጠፋል?"

እኔም አየሁት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ገጹን አላጠፋሁም። ስሜንና ፎቶዬን አንስቼ የእሱን አስገባሁ። ከመርዶው ሥር "እኚህ የአጠይብ እናት ናቸው። የጻፋችሁት ለእሳቸው ይሁን" ብዬ ጨመርኩ።

ርዕሰ መምህሩ "ስም ቢቀየር ወላጅ ያየውን አይረሳም፤ ይጥፋ ነው የምልህ" ብሎ ተቆጣ። እንቢ አልኩ። ምክትልነቱን ሌላ ሰው ያዘው።

ቦታውን ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። የሰፈር ሐሜትም እስኪበርድ ጊዜ ወስዷል። እናቴ ግን የዚያን ቀን ወሬውን ስነግራት "አበጀህ፤ ሰው በለቅሶው አይነካም" ነበር ያለችኝ። እኔም ያን ገጽ አጥፍቼ ስሜን ባጸዳ ኖሮ፣ በዚያ ንጹሕ ስም ስጠራ አቤት ለማለት አፍር ነበር።