ኖልቤርቶ ያላያቸው ትንንሾች

ከቺሊ ደቡባዊ ወደብ ከፑንታ አሬናስ በሚነሱ መርከቦች ላይ ሃያ ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሆዴ ውስጥ ያደረ ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኖልቤርቶ ማንሲያ ዓይን።

ኖልቤርቶ ክሪል ለኪ ነበር። ክሪል በበረዶው ባሕር በመንጋ የሚዋኝ፣ ከጣት የማይረዝም ቀይ ፍጥረት ነው፤ ዓሣ ነባሪውም ፔንግዊኑም እኛም የምንሻማው እሱኑ ነው። መረቡ ሲወጣ ኖልቤርቶ በጭልፋ ይዝቅና ሁለት መቶውን አንድ በአንድ ከዓይን እስከ ጭራ ይለካል። ጭልፋው ያወጣውን ሁሉ መለካት ነው እንጂ መምረጥ ክልክል ነው። በዚያ ቁጥር ነው የብስ ላይ ያሉት ተመራማሪዎች ባሕሩ ስንት እንደወለደ፣ እኛም ስንት ብናጠምድ እንደማይጎዳ የሚገምቱት።

ሰውየው ፀጉሩን ተቀብቶ የሚያበጥር፣ በሰው መነጽር የሚያላግጥ ነበር። መነጽር የሚያደርገውን የሞተር ሠራተኛ፣ ማሽኒስቱን፣ «ባለ አራት ዓይን» ይለዋል። እኔ ግን ምስሩን ከነጠጠሩ ሲቆረጥም አየሁት።

«ኖልቤርቶ፣ ጠጠሩን እያየህ ነው የምትበላው?»

«ያንተን ምስር ከጠጠር የለየው ማን ነው?»

ሁሉም ሳቀ። ሌላ ቀን በጠረጴዛው አጠገብ ሳልፍ ትልልቆቹን እየለቀመ ትንንሾቹን ከውሃው ጋር ሲደፋ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጓደኛዬ ነው፤ ደግሞም የጠጠሩ ቀልድ ጥሩ ሄዶልኝ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ኤደልሚራ አስጠራችው፤ እኔም አብሬው ወደ ቢሮዋ ሄድኩ። ነፋሱ ሰው የሚጥልበት ቀን ስለነበር በየመንገዱ ዳር የተዘረጋውን ገመድ ይዘን ነው የደረስነው።

«ዶን ኖልቤርቶ፣ ከእርስዎ መርከብ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሕፃን ክሪል አልተመዘገበም» አለችው። «ባሕሩ መውለድ አቁሟል ማለት ነው። ነገ ይህን ካቀረብኩ ማጥመጃው ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ይበተናል። ከመፈረሜ በፊት ከእርስዎ ልስማ ብዬ ነው።»

ጠረጴዛዋ ላይ ከመርከባችን የመጣ፣ ከጭልፋው በቀጥታ የተሞላ፣ ገና ያልተከፈተ ብልቃጥ ነበር። ኖልቤርቶ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ልጄ፣ እስቲ መነጽርሽን አውሺኝ» አላት።

ብልቃጡን ሳህን ላይ ገለበጠና አጎነበሰ። አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ሩዝ የተበተነ ይመስላል» አለ። «ባሕሩስ ወልዷል። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

«እንደማያዩ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ መነጽር ማድረግ አፍረው ነው?»

መነጽሯን አውልቆ መለሰላት። ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ምን አደረጉ?»

«ሳቅሁበት» አልኩ።

የሁለቱን ዓመት ቁጥር በሙሉ በቀይ ሰረዘችው። ማጥመጃው አልተዘጋም፤ ግን ቁጥር የሌለው ግምት ዝቅ ተደርጎ ስለሚያዝ ከመርከቦቹ ግማሾቹ ወደብ ላይ ቀሩ። የእኛም ከቀሩት ውስጥ ነበረ።

ኖልቤርቶ አሁን ወፍራም መነጽር አድርጎ በዶክተሯ ቢሮ የቀሩትን ብልቃጦች ይለካል። ትናንት ማሽኒስቱ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አየሁት፤ ቆሞ ተመለከተውና ምንም ሳይል ሄደ። ለኖልቤርቶ ባለ አራት ዓይን ቢለው ይሻለው ነበር።