ሁለተኛው ድንኳን

ትንሿ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የሰውን አእምሮ ነው። እኔ ትምህርት የተውኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ሳወልቅ፣ ጎማ ስለጥፍ ሸበትኩ። እና ልጄ ለመመረቂያዋ የምታነበው ስለ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ስትነግረን እናቷ የያዘችውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

«ብዙ ሰው ስለገደሉ ሰዎች ነው» አለች ልጄ። «በአንድ ቀን ብዙ ሰው ስለጨረሱ።»

«በስመ አብ! ሌላ ሰው አጥተሽ ነው?»

«እማዬ፣ ከመግደላቸው በፊት ምን ይሉ እንደነበር፣ ምን ያደርጉ እንደነበር ነው የማየው። ቀድሞ ለማወቅ።»

«ቀድሞ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። በይ ያንን ኮምፒውተር ጸበል ሳልረጭበት ዝጊው።»

«ጸበል ከነካው እኮ ሁለተኛ አይከፈትም።»

«እኔስ ምን ፈለግኩ!»

ሳቅኩ። በልቤ ግን ከባለቤቴ ጋር ነበርኩ። ክፉ ሰው ሲያዩ መዋል ለማን ይበጃል? ደግ ሰው ጠፍቶ ነው?

ሌላ ቀን ሻይ ስንጠጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ነገርኳት። የውስጥ ጎማ ተበስቶ ቀዳዳው አልታይ ሲል ነፍተን ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን፤ አረፋ ያወጣበት ቦታ እሱ ነው። «ያንቺም ጥናት እንዲህ ነው መሰለኝ» አልኳት። ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ትንሽ አሰብ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም አባዬ። ጎማ አረፋ ካወጣ ተበስቷል፣ አለቀ። ሰው ግን አረፋ እያወጣም ማንንም ሳይነካ ይኖራል። ካነበብኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ቀደም ብለው ለሆነ ሰው ተናግረዋል። የሰማው ሰው ቀልድ መስሎት ስቋል። ግን ያንኑ ቃል ተናግሮ ቤቱ ገብቶ የተኛው ሰውስ? የእሱን ታሪክ ማን ይጽፈዋል?»

«ታዲያ ጥናቱ ምን ይረባል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለችና ሻይዋን ጨለጠች።

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው። ድንኳን ሁለት አለን። አንዱ ደህና ነው። ሁለተኛው አይጥ ቦጫጭቆት ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ቤት ባንድ ጊዜ ለቅሶ ካልገባ በቀር የሚፈልገውም አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኖቹን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ስጠርግ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መጣ። ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ ነው የሚኖረው፤ ለሽሮ ሜዳ ሱቆች የሀበሻ ቀሚስ ጥለት የሚሰፋ፣ ሚስት ያላገባ፣ እናቱን እስክታርፍ ያስታመመ ዝምተኛ ሰው ነው። እናቱ ስታርፍ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በቤቱ ተካሰሱ፤ ወንድሙ ረታ። ወንድሙ እዚያው ግቢ ነው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖረው። በፍርዱ ማግስት እነ ወንድሙ የልብስ ሰፊውን የስፌት መኪና ከእናቱ ክፍል አውጥተው ግቢው መሃል አስቀመጡት። ጊዜው ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ወረደበት። ሰው በአጥር እያየ አለፈ፤ የሳቀም አልጠፋም። እሱ ጓሮ ካለችው ጠባብ ክፍል ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌ ሲይዝ ያየው ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ስሜን ከእድሩ ያሰርዙልኝ» አለኝ።

«ምነው ልጄ? ሰው ከእድር ይወጣል እንዴ?»

በእኛ ሰፈር ሰው ከዘመዱ ይጣላል፤ ከሚስቱ ይፋታል፤ ቤተ ክርስቲያን መሳምም ይተዋል። ከእድር ግን አይወጣም። ሰካራሙ እንኳ የእድሩን ነገር አይረሳም።

«ለእኔ ድንኳን አያስፈልገኝም» አለና መሬት የተዘረጋውን ሸራ አየት አደረገ። «ይልቅ ያንን ሁለተኛውን ያስጠግኑት። እኛ ግቢ አንዱ አይበቃም።»

«አንተ ደግሞ! ሟርተኛ!» ብዬ ሳቅኩ። እሱም ፈገግ አለ መሰለኝ። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሸራውን ማጠፍ ስጀምር ነው ልጄ ቀልድ መስሎት ስለሳቀው ሰው ያለችው ትዝ ያለኝ። እንደ ምንም አጥፌ ቤቴ ገባሁና ለልጄ ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ዘጋች።

«ሌላስ ምን አለ? ዕቃውን ለሰው ሰጥቷል?»

እኔ አላውቅም ልል ስል ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። «ያን ትልቁን መቀሱን ለእኔ ሰጠኝ» አለች። «ምን በዓል አለ ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊ መቀሱን ሲሰጥ!

«ራሱን ሊጎዳ ይሆናል» አለች ልጄ። «ሌሎቹንም ሊሆን ይችላል። ምንም ላይሆንም ይችላል። አላውቅም አባዬ።» ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ያን ሁሉ አንብባ፣ ስለዚህ አንድ ጎረቤታችን አላውቅም ማለቷ እንዴት እንዳሳዘነኝ። ቀጥላ ግን፣ «ልጆቹ ዛሬውኑ ከግቢው ይውጡ» አለች። እሱን ስትል አልተንቀጠቀጠችም።

ወደ እድሩ ዳኛ ቤት አብረን ሄድን። ዳኛው ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ስንት የተጣላ አስታርቀዋል። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ቀላል ነው» አሉ። «ነገ እሑድ ስብሰባ አለ። ወንድሙም ይጠራ፣ እሱም ይጠራ፣ በአባላቱ ፊት ጉልበት ተሳስመው ይታረቃሉ። በቃ።»

እኔም መስማማቴ ነበር። ወጋችን ነው። ስንቱ ደም ሊቃባ የነበረ እንደዚያ ተቃቅፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

«አባባ፣ እባክዎ በሰው ፊት አያቁሙት» አለች ልጄ። «የስፌት መኪናው የወጣው በሰው ፊት ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሽምግልና ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም አባባ! ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ ግን ውርደት አለ። እንደገና ቢዋረድስ? አንድ የሚወደው ሰው ብቻውን ሄዶ ያናግረው።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ አባትሽ ይሂዳ! እንደ ጎማ ይለጥፈው።» እየቀለዱ ነው፤ ከዘራቸውን ግን አንስተው ነበር። እሳቸውና ልጄ ወደ ወንድሙ ሄዱ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ለጊዜው አማቾቹ ጋ እንዲያሳድር ሊነግሩት። እኔ ወደ ጓሮው ክፍል።

በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋው ላይ ተቀምጧል። ገና ሳልገባ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስታጠብበት የኖርኩት ነገር ነው፤ ቤንዚን። መኪና የለው፣ ጄኔሬተር የለው፤ ምድጃው የከሰል ነው። ከአልጋው ሥር ቢጫ ጀሪካን አየሁ። ሳልጠየቅ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ በመንገድ ላይ፣ «አትምከረው፣ አትቆጣው፣ ስማው ብቻ» ብላኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። የመጣልኝ የሙያዬ ነገር ነው።

«ሁለተኛውን ድንኳን አስጠግን ብለኸኝ ነበር» አልኩት። «ማስቲሽ አለኝ። ከመለጠፌ በፊት ሸራውን የምጠርግበት ቤንዚን ነው ያጣሁት። ያንን ስጠኝ።»

ውጭ የወንድሙ ሚስት ልጆቿን ስትጠራ ይሰማል። እሱም እየሰማ ነው።

«ለምን እንዳስቀመጥኩት አይጠይቁኝም ጋሼ?»

«ብትነግረኝ እሰማሃለሁ። ባትነግረኝም ቤንዚኑን ስጠኝ።»

ያኔ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የስፌት መኪናውን የገዛችለት እናቱ እቁብ ጥላ ነበር። ዝናቡ ሲመታው እሱ በር ላይ ቆሞ ማንሳት አቅቶት ነበር፤ ከባድ ነው፣ ለብቻ አይነሳም፤ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ በአንድ ጎኑ አልያዘለትም። ይህን ደጋግሞ ነገረኝ። በአንድ ጎኑ የሚይዝ።

«ልጆቹስ?» አልኩት።

«እነሱ ናቸው እስካሁን ያቆዩኝ» አለ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን ሳበው። እኔ ልቀበል እጄን ስዘረጋ፣ «እርስዎ አይችሉትም ጋሼ፣ ዳገት ነው» ብሎ አነሳው። እሱ ፊት ፊት ከነቤንዚኑ፣ እኔ ከኋላው። አልፈራሁም ብል ዋሸሁ። ወንድሙ በር ላይ ቆሞ አየን።

ባለቤቴ ደጃፍ ጠበቀችን። ጀሪካኑን አየች፣ ፊቱን አየች፤ መቀሱን ከጓዳ አምጥታ ዘረጋችለት። «አንተ፣ ይኼ መቀስህ ሽንኩርት እንኳ አይቆርጥም። ውሰድልኝ። ግባና ብላ ደግሞ፣ በር ላይ አትገተር።»

ያን ቀንም በነጋታውም እኛ ቤት አደረ። ሰኞ ልጄ ሆስፒታል ወሰደችው፤ እሱም አላንገራገረም። ሐኪሙ ፊት ስለ ቤንዚኑ የነገረው ራሱ ነው። መድኃኒት ጀመረ፤ በየሳምንቱም እየሄደ ከሐኪም ጋር ያወራል። ባለቤቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ጸበል ይዛው ትወጣለች። ማን አዳነው በሚለው እናትና ልጅ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ወንድሙን ዳኛው ለብቻው ስንት ጊዜ መከሩት፤ በመጨረሻ መንገድ ዳሩ ላይ ያለችውን ክፍል ለስፌት ለቀቀለት። ተዋደዱ አልልም። እግዜር ይስጥልኝ ይባባላሉ።

ልጄ ከተመረቀች በኋላ ጠየቅኳት። «እንግዲህ ንገሪኝ። ጥናትሽ ሰው አዳነ?»

«አላውቅም አባዬ። ያልሆነ ነገር ምስክር የለውም። ምናልባት ቤንዚኑን ራሱ ይደፋው ነበር።»

እኔም ብዙ አሰብኩበት። ስለ እነዚያ ሰዎች ባትነግረኝ ኖሮ ስቄ ሸራዬን አጥፌ እገባ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ገዳይን የሚለይ ዓይን ግን አልሰጠችኝም፤ እኔ ያየሁት አንድ የተከፋ ጎረቤት ነው።

ባለፈው ክረምት እዚያው ግቢ ለቅሶ ሆነ። የወንድሙ አማት፣ ዕድሜ የጠገቡ ሴት፣ በሰላም አረፉ። ድንኳኖቹን ይዘን ሄድን። ሁለተኛውም ዳነ ማለት ይቻላል፤ ስፌቱን ልብስ ሰፊው ደርቦ ሰፍቶታል፣ ልጥፉ የእኔ ነው። መጀመሪያ ደህናውን ስንተክል ልብስ ሰፊው አንዱን ምሰሶ ያዘ። ወንድሙ መጥቶ ሳይናገር በሌላው ጎን ያዘለት። ሸራው ቀና ሲል ከአባላቱ አንዱ፣ «ሁለተኛውንም እንትከለው?» ብሎ ጮኸ።

ልብስ ሰፊው ግቢውን ዙሪያውን አየ። ልጆቹ አግዳሚ እየተሸከሙ ይሯሯጣሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንዱ ይበቃል ጋሼ» አለኝ።

ሁለተኛውን ይዤ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለስኩ።