ከቤት የሚወጣው ማን ነው?

የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከቱ የተለያዩ አገሮችን ሕጎች አወዳድራችሁ አቅርቡ ሲባል የማታው ክፍላችን በሙሉ አጉረመረመ። ቀን ሱቅ ውዬ ማታ ሕግ የምማር ሰው፣ የኦስትሪያ ሕግ ምን አገባኝ?

አዲሱ ገበያ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ሳነበው ግን ከመቀመጫዬ ቀና አልኩ። እዚያ ባል ሚስቱን ከመታ ፖሊስ ከቤት የሚያስወጣው እሱን ነው። እሷን አይደለም፣ እሱን! ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞርኩ፣ ወደ ኬንያ ዞርኩ። እዚያም ዳኛ ሚስትን ቤቷ አስቀምጦ ባልን እንዳይደርስባት ማዘዝ ይችላል። መውረጃዬን አልፌ ሄጄ በእግሬ ስመለስ እንኳ አልተናደድኩም።

እኛ ቤት የሚታወቀው ሌላ ነበር። ታላቅ እህቴን ባሏ በመታት ቁጥር ልጆቿን ይዛ ቀጨኔ ትመጣለች። እናቴ ፍራሽ ታነጥፋለች። እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ እሱ የአባቴን ጉልበት ይስማል፣ እሷ ትመለሳለች። እስከዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ እሱ አልጋው ላይ ተንደላቆ ይተኛል። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያኔውኑ ደወልኩላት። «ወጥቶ መሄድ ያለበት እሱ ነው» አልኳት።

«የት አገር?»

«ኦስትሪያ።»

«እኔ እኮ ያለሁት ዊንጌት ነው» አለችኝ።

እልህ ያዘኝና የራሳችንን ሕግ አገላበጥኩ። የወንጀል ሕጉ የሚመታውን ይቀጣል፤ እንደ እነዚያ አገሮች ለብቻው የወጣ የመከላከያ ሕግ ግን የለንም። ተስፋ ልቆርጥ ስል የቤተሰብ ሕጉ ውስጥ አገኘሁት። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤት ከሁለቱ አንዳቸው ከቤት እንዲወጡ ማዘዝ ይችላል፤ ሲያዝም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣት ይበልጥ የሚጎዳውን ያያል። ደስታው ቁጭ አላደረገኝም፤ ክፍሌ ውስጥ እየተንጎራደድኩ እንደገና ደወልኩ።

«ፍቺ?» አለች። «ልጆቹ ከትምህርታቸው አይቀሩም?»

«አይቀሩም።»

«እንግዲያው ነገ እንሂድ።»

የፍቺ አቤቱታዋ ቀርቦ ዳኛዋ እሱ ከቤት እንዲወጣ ስታዝ የእህቴን እጅ ጨምቄ ላደቅቀው ምንም አልቀረኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። አማቻችን አስታርቁኝ ብሎ ሲልካቸው መውጣቱን አፍሮ አልነገራቸውም።

«ትዳር ነው፣ ግጭት አይጠፋውም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ልጃችንን ጥሩልንና ይዘናት እንመለስ።»

«እዚህ የለችም» አለ አባቴ። «ቤቷ ናት።»

«ታዲያ የወጣው ማን ነው?»

«እሱ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ ሁሉ የማስታረቅ ዘመናቸው የወጣ ባል መልሰው አያውቁም። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ተነስተው ወደ ዊንጌት ሲሄዱ ለእህቴ ደወልኩላት። በሩ ሲንኳኳ ስልኩን ሳትዘጋው ሄደች።

«ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስትል ሰማኋት። «ነገሩ ፍርድ ቤት ነው ያለው። እኔ ከቤቴ አልወጣሁም፣ ስለዚህ የምትመልሱኝ ቦታ የለም።»

ቀጥሎ የሰማሁት ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ነው።