አረንጓዴው በር

ጋሽ ቁልፌ ቁልፍ ሠሪ ናቸው። በአሮጌው ሰፈራችን እሳቸው ያልከፈቱት ነገር ቢኖር የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው ቦርሳ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይቆምባት ሱቃቸው አርባ ዓመት ሙሉ ብረት ሲሞርዱ ኖረዋል።

ሰፈሩ ግን ዘመመ። ግማሹ ሰው ለቅቆ ሄደ፣ ግማሹ ግድግዳ ተከተለው። ማዘጋጃ ቤቱ መላ አመጣ፤ ሰፈሩ ለቱሪስት ይታደሳል። ጥንታዊ መልኩን የጠበቀ ሱቅ ይቆያል፣ ያልጠበቀ ይነሳል። ሐሙስ አራት ሰዓት የቅርስ ባለሙያ መጥታ ታያለች ተባለ።

ጋሽ ቁልፌ እንግዳ እየመጣ ቤቱን ያልቀባ ሰው ምን ይባላል ብለው ረቡዕ ከሰዓት በሩን፣ ያንን የአያታቸውን የእጅ ሥራ፣ ከነመቆለፊያው አረንጓዴ ዘይት ቀለም ለቀለቁት። በሩ ቁጭ የከተማ አውቶቡስ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ሚስታቸው አይተው ራሳቸውን ያዙ። «አንተ ሰውዬ፣ አሮጌ እንይ ላሉህ ሰዎች አዲስ ታሳያለህ?»

ባልና ሚስት በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁ ጀመር። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የተፋቀው አንድ ክንድ አይሞላም። ባለሙያዋ ደግሞ ቀደም ብላ ከሁለት ረዳቶቿ ጋር ከች አለች። በሩን አየች። ውስጡን ልይ ብቻ አለች።

ጋሽ ቁልፌ ቁልፉን ከተቱ። አልዞር አለ። ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ተጋግሯል። መሣሪያቸው በሙሉ ውስጥ ነው። አንደኛው ረዳት ሱቁ የራሳቸው መሆኑን ጠየቃቸው።

ሚስታቸው ከፀጉራቸው ሽቦ ነቅለው አቀበሏቸው። ጋሽ ቁልፌ ተንበርክከው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ልብስ ሰፊው ስፌት መኪናውን አቆመ። መንገደኛው ተገተረ። ዝንቦች እንኳ ዝም ለማለት አረፉ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ላባቸው በአፍንጫቸው ተንጠባጠበ። ሽቦው ተጣመመ፤ አቃኑት፤ መልሰው ከተቱት። ከዚያ በሩ ቀጭ አለ።

ባለሙያዋ ጻፈች። ሱቁ ይቆያል፤ ግን በሩ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ ጋሽ ቁልፌም በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ውጭ ተቆልፎባቸው በጎብኚዎች ፊት በሽቦ ይከፍቱታል።

«ልጄ፣ አንድ ቀን እንቢ ቢለኝስ?»

«እንደሱማ ከሆነ አባቴ፣ ጎብኚው ከቦታው አይነቃነቅም።»

ጋሽ ቁልፌ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው አረንጓዴ የሆነውን ጆሯቸውን እያዩ ፈርም አሏቸው። የፈረሙት እንደተንበረከኩ ነው።