ማን እንዳረደው ያልታወቀው ሾርባ

ሰሞኑን ቴሌቪዥን ከፍቼ ራቴን ስበላ ያ ሰውዬ ብቅ አለ። ከሥሩ «የምግብ ኢንዱስትሪ አማካሪ» ተብሎ ተጽፏል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው። መካነ ሰላም ላይ የቆርቆሮ ሾርባ ፋብሪካ ይመራ እንደነበር፣ የከሰረውም ሕዝቡ ለዘመናዊ ምግብ ዝግጁ ስላልነበረ እንደሆነ ሲያወራ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ዓይን አውጣ።

ያንን ፋብሪካ ሦስት ሥራ አስኪያጆች ተፈራርቀውበታል። የመጀመሪያው የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ፣ ሰንጋ አስጥሎ፣ ጭብጨባ ጠግቦ ሄደ። ሁለተኛው ያመጣው ነገር ቢኖር ለራሱ መኪና ነው፤ እሷንም ክረምት በመጣ ቁጥር ከጭቃ የምንገፋት እኛ ሠራተኞቹ ነበርን። ሦስተኛው ይሄ አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ነው። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቆርቆሮው ላይ ወረቀት እለጥፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሾርባው አይከፋም፤ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቂት የበሬ ሥጋ አለው። በዚያ ውርጭ ጠዋት ትኩሱን ሲጠጡት ደረት ያሞቃል።

ጣጣው ሥጋው ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን። ጠብ ግን አይደለም። ድግስ ሲኖር ለየወገኑ በራሱ ሰው እጅ ይታረዳል፤ ጋባዡ «ይሄ የእናንተ ነው» ካለ እንግዳው ታጥቦ ይበላል፣ ሌላ ጥያቄ የለም። አባቴና ጎረቤታችን ሀጂ ይማም በዚች ቃል ተማምነው ነው አብረው ያረጁት።

እህቴ ስትዳር አባቴ ለሀጂ ቤተሰብ ያዘጋጀው በግ በዋዜማው ሞተበት። ተጨንቆ ሥራ አስኪያጁን ስለ ሾርባው ጠየቀው። «አይጨነቁ አባቴ፣ አራጃችን እስላም ነው» አለው። አባቴ ሾርባውን አስሙቆ ለሀጂ በራሱ እጅ አቀረበ። ሀጂም ጠጥተው መረቁ።

ጥቢ ላይ ደግሞ ሀጂ ልጃቸውን ዳሩ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ በተሠራው ዳስ ሾርባ ቀረበልን።

«ጠጣ ወንድሜ፣ የእናንተ ነው» አሉት አባቴን። «አራጃችን ክርስቲያን ነው ብሎኛል ሥራ አስኪያጁ።»

አባቴ ሳህኑን አጋምሶ ነበር። ሊጨመርልን ሌላ ቆርቆሮ ሲመጣ ግን እኔ የለጠፍኩትን ወረቀት አየና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይማም፣ ያኔ ያቀረብኩልህ ይሄንኑ ነው» አለ።

ሀጂ ማሰሮ እንደተሰበረበት ሰው ቆመው ቀሩ። አንደኛቸው ሌላውን ያልሆነ ነገር አብልተዋል፤ የትኛቸው እንደሆኑ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፋብሪካው ድረስ መጡ። ሰውዬው ከወንበሩ እንኳ አልተነሣላቸውም።

«ሥጋ ሥጋ ነው፤ ሆድ ምን ሃይማኖት አለው?» ብሎ ሳቀ።

«ማን አረደው?» አሉት ሀጂ።

«ከነጋዴ ነው የምንገዛው። ማን እንዳረደው በምን አውቃለሁ?»

አባቴ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ቀኖና ተቀበለ፤ ሀጂም ቤታቸው ገብተው ሰነበቱ። ወሬው በገበያ ቀን ወጣና እስከ ወረኢሉ ያንን ሾርባ የሚነካ ጠፋ። ሰውዬውም ያችን መኪና አስነሥቶ ሄደ። ዛሬ ሕዝቡ ዝግጁ አልነበረም ይለናል። ዝግጁ ያልነበርነው ለውሸቱ ነው።

ባለፈው ወር የአባቴን ሙት ዓመት አወጣሁ። ለሀጂ ለብቻ በግ አሳረድኩ፤ ያረደውም የገዛ ልጃቸው ነው። ሳህኑን አቅርቤ «ሀጂ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ታጥበው ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። ቀና ብለው አዩኝና ቀስ ብለው «ሲያርድ በዓይንህ አይተሃል ልጄ?» አሉኝ።

«አይቻለሁ» አልኳቸው። ቢስሚላህ ብለው በሉ።

አልተቀየምኳቸውም፤ ቅያሜ የሚገባውን ሰው አውቀዋለሁ። አባቴን ግን በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ብለው ጠይቀውት አያውቁም ነበር።