የእማማ ናብዊሌ ሰማይ

ናሳምቡ ዶሮ አልበላችም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። በኛ ሰፈር ይህን ወሬ የሚያወራ ሁሉ ከመሃል ይጀምርና ከመሃል ይተወዋል፤ ሰሚውም የፈለገውን ይዞ ይሄዳል። እኔ ናኩሚቻ ግን ከእማማ ናብዊሌ ጋር አጥር ተካፍዬ፣ እሳት ተጫጭሬ የኖርኩ ሰው ነኝ። የምናገረው ያየሁትን ነው። የሚያምን ይመን፣ የማያምን መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

እማማ ናብዊሌ የባለቤቴ አጎት ሚስት ነበሩ። ባላቸው የሞቱት አንድ ልጃቸው ሲታቲ ገና ጡት ሳይጥል ነው። መሬቱ ጠባብ፣ የሚያግዝ ሰው የለ፤ ልጁን ያሳደጉት በዶሮ ነው። በቆሎውን እየፈለፈሉ ቀኑን ሙሉ ታዛ ስር ይቀመጣሉ። እጃቸው በቆሎው ላይ፣ ዓይናቸው ሰማይ ላይ። ከማሳባ ተራራ እስከ ችዌሌ ገበያ ድረስ አሞራን እንደሳቸው የሚለይ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ስለምወዳቸው አይደለም።

ከየግቢው "እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" እያልን እንጮህባቸው ነበር። ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሲዞር በጅራቱ የሚቀዝፍ ከሆነ ጭላት ነው፤ ጫጩቶቻችሁን አስገቡ ይላሉ። ጭላት ሌባ አይደለም፣ ቀማኛ ነው፤ ፊት ለፊት መጥቶ፣ እያየሽው፣ ነጥቆ ይሄዳል። የስልክ እንጨት ላይ ተቀምጦ ቁንጮውን ነፋስ የሚያወዛውዝለትን ጥቁሩን ንስር ግን እንዳትነኩት፣ እሱ የአይጥ ዘበኛችን ነው ይሉ ነበር። ከታጨደ ሣር በላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን የሚያርገበግበው ትንሹ ጭልፊት ደግሞ ፌንጣ ነው የሚፈልገው። ከደመና ጋር የሚያልፈውን ትልቁን ቡናማ ንስር ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ "መንገደኛ ነው፣ ይለፍ" ይላሉ።

አንድ ጊዜ ለቀብር ተሰብስበን፣ ሰባኪው ዓይናችሁን ጨፍኑ ብሎ እየጸለየ ሳለ፣ እማማ ቀስ ብለው "ጭላት" አሉ። ሴቱ ሁሉ ተነስቶ ወደየቤቱ ሮጠ። ሰባኪው ዓይኑን ሲገልጥ የቀሩት ሬሳውና ወንዶቹ ነበሩ። ለዓመታት ሳቅንበት።

እንግዲህ ጫጩት ስናሳድግ፣ ቄብ እስኪሆኑ ድረስ፣ በሐምራዊው የቁስል መድኃኒት እናቀልማቸዋለን። ጭላት እንዲያ ያለ ቀለም የሚበላ አይመስለውም። ናሳምቡን ሲታቲ ከኪሚሊሊ አግብቶ ያመጣት ሰሞን እነዚያን ቀለማም ጫጩቶች አይታ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አማቷን የምትጠይቀው "ሐምራዊ ለባሾቹ ጳጳሳትዎ ደህና አደሩ?" እያለች ነው። ሌላ ምራት ብትሆን በዚህ አፏ ትገሰጽ ነበር፤ እማማ ግን ሳቋን ወደዱት። ምን ወደዱት ብቻ፣ ተሸነፉላት። ቤታቸው ውስጥ ሰው ሲስቅ ከሰሙ ስንት ዘመናቸው ነው። ማቅለሙን ለሷ ተዉላት፤ እጇ ሁልጊዜ ሐምራዊ ነበር። ታዛው ስር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰማይ ሲያዩ እኔ ከአጥሬ ማዶ ሆኜ እቀናባቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ በኛ አገር ሴት ዶሮ አትበላም። የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይሳለቁብኛል፤ እነሱ ለራሳቸው ደረቱን መርጠው ነው የሚያነሱት። እኛ ግን አርደን፣ ነጭተን፣ ወጡን ሠርተን፣ ሽታውን እየማግን ለወንድና ለእንግዳ አቅርበን፣ ወደ ማድ ቤት ተመልሰን የበቆሎ ገንፏችንን፣ ኡጋሊያችንን፣ በጎመን እንበላ ነበር። ተደብቃ የበላች ሴት ከተገኘች ሆዷ ከቤቷ የበለጠባት ትባላለች። ከዚያ ወዲያ የባሏን ቤት ብቻ ሳይሆን የራሷንም ስም መሸከም ያቅታታል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ቄቦች መጥፋት የጀመሩት። ከጫጩትነት ወጥተው፣ ከጭላት ተርፈው፣ እዚህ ደረሱልን የተባሉት ናቸው። ዛሬ አንድ፣ ሰንብቶ ሌላ። እማማ በቆሎ መፈልፈሉን ትተው ቁጭ ብለው ሰማይ ይጠብቁ ጀመር። ምንም የለም። ጭላት የለም፣ ንስር የለም፣ ሰማዩ ባዶ ነው። ማታ ሲቆጥሩ ግን ጎደለ።

አንድ ጠዋት ጠሩኝ። ከናሳምቡ ማድ ቤት ጀርባ፣ ትልቁ ጥድ ስር አንድ ጉቶ አለ። ዙሪያው በሐምራዊ ላባ ተሸፍኗል፤ አንድ ቦታ ላይ፣ ተነጭቶ የተከመረ ላባ። እማማ እዚያው ቁጢጥ ብለው ነበር። ከመቆጣታቸው በፊት ያለቀሱ ይመስለኛል፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"ናኩሚቻ" አሉኝ፣ "ጭላት ይዞ ይሄዳል እንጂ ላባ አይነጭም። ንስርም አይነጭም። ተቀምጦ ላባ የሚነጭ ድስት የጣደ ነው።"

እኔም አመንኳቸው። ምን ላድርግ፣ አሞራ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ናሳምቡ ስትጠየቅ መጀመሪያ ሳቀች፤ የምራቸውን መሆኑን ስታይ ሳቋ እዚያው ቀረ። አልበላሁም አለች። ላባውን አየሁት፣ እኔም ከየት እንደመጣ አላውቅም አለች። ነገሩ ከቤት አልፎ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ፤ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ሽማግሌው ሙክዋና እማማን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው፦ በዚያ ሰሞን ቄብ የሚወስድ አሞራ አልፏል ወይ? እማማ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። "በዚህ ሰማይ ወፍ አላለፈም" አሉ። በቃ። እሳቸው ወፍ አላለፈም ካሉ አላለፈም ነው። ናሳምቡ ደጋግማ አልበላሁም እያለች ባሏን አየችው። ሲታቲ የጫማውን ጫፍ እያየ ዝም አለ። አንዲት ቃል። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

ልጅ አልወለደችም ነበርና የሚያስቀራት አልተገኘም። ሣህኗንና ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አባቷ በውርደቱ ተናዶ ለጥሎሽ የተሰጡትን ላሞች መለሰ። ላሞች ከተመለሱ ደግሞ ትዳሩ አለቀ፤ የቀረ ክር የለም። ዓመት ሳይሞላ ከወንዙ ማዶ ሚስቱ ለሞተችበት፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው ዳሯት።

በቀጣዩ ዝናብ እማማ እንደገና ጫጩት አስፈለፈሉ። ቀለሙን ራሳቸው ቀቡ፤ ሥራውን ከተዉት ቆይተዋልና ግማሹን መሬት ላይ ነበር የሚያፈሱት። ጫጩቶቹ አድገው ቄብ ሆኑ። ከዚያ አንዷ ጠፋች። እማማ ምንም ሳይሉ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ማድ ቤቱ ከተዘጋ ከርሟል፣ ጣሪያው ዘሟል፣ ምድጃው ላይ ሣር በቅሏል። ጉቶው ዙሪያ ሐምራዊ ላባ ተነጭቶ ተበትኗል።

መጥተው እጄን ያዙኝ። "ነገ ከኔ ጋር ትነሻለሽ" ብቻ አሉኝ።

ጎህ ሳይቀድ ሁለታችንም የናሳምቡ ማድ ቤት ውስጥ ገብተን በግድግዳው ቀዳዳ ጉቶውን እንጠብቅ ጀመር። ዶሮዎቹ እንደወጡ፣ ፀሐይ ገና ሳትታይ፣ ከጥዱ ቅርንጫፍ መሃል አንድ ነገር ወደ ታች ተወረወረ። ከሰማይ አይደለም። ከዚያው ከጥዱ፣ ከራሳችን ግቢ። ክንፉ አጭር፣ ጅራቱ ረጅም፣ ደረቱ ላይ ቀጫጭን ቡናማ መስመር ያለበት ጭልፊት ነው። አንዲት ቄብ በእግሩ ጨምድዶ ጉቶው ላይ ወጣ። ከዚያ ተረጋግቶ፣ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ፣ ላባዋን በመንቆሩ አንድ በአንድ ይነጭ ጀመር። እንግዳ እንደምትጠብቅ ሴት ሥራውን ያውቅበታል። ስጋውን በልቶ፣ የቀረውን ይዞ ወደ ጥዱ ገባ። ከውስጥ "ጭክ፣ ጭክ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማም ሰሙ።

"ይህን ድምፅ ስንት ዘመን ጠዋት ጠዋት ስሰማው ኖሬአለሁ" አሉ። "እንቁራሪት ይመስለኝ ነበር።"

ልጮህ፣ ላባርረው ነበር፤ አልቻልኩም። እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰዋል። ልጄን፣ ልጄን ይላሉ፤ ሲታቲን አይደለም።

ለሲታቲ ሲነግሩት አንድም ነገር አልመለሰም። መጥረቢያውን አንስቶ ጥዱን ይቆርጥ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ቆረጠ፤ የሚያስቆመው ሰው አልነበረም። ማምሻውን ጥዱ ወደቀ። ጭልፊቱ አንድ ጊዜ ግቢውን ዞሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

እኔና እማማ ወንዙን ተሻግረን ናሳምቡ ዘንድ ሄድን። ሆዷ ገፍቶ ነበር። በክብር ተቀበለችን፣ ወንበሩን ጠርጋ አስቀመጠችን፣ የረጋ ወተት ሰጠችን። እማማ ወተቱን ሳይነኩት ተንበረከኩ። አማት ለምራት ስትንበረከክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ስለ ጭልፊቱ ሁሉንም ነገሯት። ናሳምቡ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፤ አልቆጣችም። ብትቆጣ ምንኛ በቀለለን።

"እማዬ" አለቻቸው፣ "አልበላሁም እያልኩ ስምልልዎ እርስዎ ወደ ሰማይ ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ ፊቴን አይተውት ቢሆን፣ ጭልፊት መጠበቅ ባላስፈለገዎ ነበር።"

እማማ ምን ላድርግልሽ ብለው ብቻ ጠየቋት። የኔ ስም የጠፋው እናንተ ግቢ፣ በሰው ፊት ነው፤ እዚያው ይመልሱልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አለች። በመንገድ ላይ እማማ ክንዴን ይዘው ያለቅሱ ነበር፤ እኔም አላጽናናኋቸውም። ልጅቱ እውነቷን ነዋ።

እማማ ቃላቸውን ጠበቁ። ሽማግሌዎቹን ጠርተው፣ እዚያው ቦታ ቆመው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ልጅቱ ንጹሕ ናት አሉ። ስለ ጭልፊቱ፣ ስለ ጉቶው፣ ስለ ላባው ተናገሩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዶቹ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡላቸው። ከጥድ ውስጥ የሚወጣ፣ ተቀምጦ እንደ ሰው ላባ የሚነጭ ወፍ? የትኛው ጥድ? ጥዱ ተቆርጧል። ወፉስ የታለ? ሄዷል። እኔም አይቻለሁ ብዬ ቆምኩ፤ ጎረቤት ነሽ፣ አዝነሽላቸው ነው አሉኝ።

ሽማግሌው ሙክዋና በርኅራኄ ነው የተናገሩት፤ ክፋት የላቸውም። "እህቴ" አሉ፣ "ዓይንሽ ደህና በነበረ ጊዜ ወፍ ላባ አይነጭም ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። አሁን ብቸኝነቱ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ። ቤትሽ ግቢና ዕረፊ።"

እማማ ብዙ ታገሉ። ማሉ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ ጮሁ። በጮሁ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ አዘነላቸው። ሲታቲ ከወደቀው ጥድ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁሉም እሱን አየ፤ እሱ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ።

ለናሳምቡ የሚነግራት ሰው አስፈለገ፤ እማማ በምን ፊቴ አያታለሁ ብለው እኔን ላኩኝ። ስደርስ ወልዳለች፤ ሕፃኑን አዝላ ባቄላ ከገለባው ታበጥር ነበር። እንዳላመኑ ነገርኳት። ማበጠሩን አላቋረጠችም። አውቄው ነበር አለች። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠች።

"ሲታቲስ ምን አለ?" አለችኝ።

ሲታቲ የዚያን ቀንም አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር።

"ሲታቲ አልነበረም" አልኳት። "ታሞ ተኝቶ ነበር፣ ምስኪን። ቢኖር ይናገር ነበር።"

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "እግዜር ይማረው" ብላ ለመንገዴ ሙዝ ትቆርጥልኝ ዘንድ ወደ ጓሮ ወጣች።